ለአንድ ጥሩምባ እስከ ቆሰበር

ናዝሬት ላይ ፀጉር ቤት አለኝ። ከአገው ምድር ከተመለስኩ ወዲህ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ «ተፈራ፣ ዘግተህ የት ጠፋህ?» ይለኛል። «ቆሰበር» ስል «ምን አለ እዚያ?» ይላል። ምላጭ ይዞ ረጅም ወሬ ማውራት ለደንበኛው ጆሮ ጥሩ አይደለም፤ ስለዚህ ጻፍኩት። መሄድ የማይችል ያንብበው፣ መሄድ የሚችል ሹራብ ይያዝ።

ድሮ፣ ገና ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ሰንበሌጥ የሚባል ባንድ ናዝሬት አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ በየቅዳሜው ይጫወት ነበር። እንደዚያ የወደድኩት ነገር የለም፤ ባለቤቴ ትስማና ትፍረድ። የስድስቱንም ጎፈሬ የምከረክመው እኔ ነበርኩ። ከስድስቱ ጥሩምባ ነፊው አንዷለም ጓደኛዬ ሆነ። የአዊ አገው ልጅ ነው። አባቱ ሲሞቱ «ሁለት ሳምንት» ብሎ አገሩ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ባንዱ ኪቦርድ አመጣ። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ጥሩምባ ይነፋል ተባለ። አንዷለምን ተመለስ ያለው የለም፤ እሱም ልመለስ አላለም፤ ይሄው ሃያ ዓመት አለፈ።

ባለፈው ጥቅምት ደወለልኝ። «ሰንበሌጥ እዚህ ሊመጣ ነው፤ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ» አለኝ።

«አንተስ አብረህ ትነፋለህ?»

«አልጠሩኝም።»

«ጠይቃቸዋ!»

«እኔ?» አለና ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሃሎ አልኩ። አልተቋረጠም፤ ጎጃሜ ዝም ሲል እንዲያ ነው።

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ሱቄን ቆልፌ በሩ ላይ «እመለሳለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ስመለስ አንዱ ከስር «ጢማችንም ያድጋል» ብሎ ጨምሮበት አገኘሁ። አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ አደርኩ። ስለ ፔንሲዮኑ ብዙ የምለው የለኝም። ከእኔ በፊት አልጋው ላይ የተኛው ሰው ወፍራም እንደነበር ፍራሹ ይመሰክራል።

አርብ

ጎህ ሳይቀድ ተሳፈርን። አጠገቤ የተቀመጡት ግምጃ ቤት የሚባል አገር ገበሬ ነበሩ፣ አዲስ አበባ ልጃቸውን ጠይቀው የሚመለሱ። ኮታቸው ላይ ጋቢ፣ ጋቢያቸው ላይ ሌላ ጋቢ ደርበዋል። እኔ በሸሚዝ ነኝ።

«አባቴ፣ እናንተ አገር ብርድ አለ ይላሉ፤ እውነት ነው?» አልኳቸው።

«የለም የለም» አሉኝ፤ «ብርድ የለም። ውርጭ ነው ያለው።»

አባይ በረሃ ስንወርድ ሰው ሁሉ ልብሱን እያወለቀ ሙቀቱን ሲራገም እኔ ብቻ ደህና ሆንኩ። ልክ ናዝሬት፣ ሚያዝያ፣ ከሰዓት በኋላ። ሹፌሩን እዚሁ አውርደኝ ማለት ቃጥቶኝ ነበር። ደጀን ስንወጣ ግን ነገር ተለወጠ፤ ደብረ ማርቆስ በያይነቱ ስበላ እጄ እንጀራውን አልቆርጥ አለ። ቡሬን ካለፍን በኋላ ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ የላይኛውን ጋቢ አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። ስወርድ ልመልስ ብል «እንግዲህ አንተ ከምትሞት እኔን ይብረደኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ናዝሬት ብሆን ጋቢ ያለበሰኝ ሰው ስልክ ቁጥሬን ይቀበለኝ ነበር። እሳቸው ስሜንም አልጠየቁኝ።

ካርታው እንጅባራ ይላል፣ ሰዉ ቆሰበር ይላል፤ ያው ናቸው። አንዷለም መናኸሪያው በር ላይ የጥሩምባውን ሳጥን ይዞ ቆሞ ነበር። ሽበት ወሮታል፣ ፀጉሩን የቆረጠው ሰው ደግሞ ሊጠየቅ ይገባል። ተቃቅፈን ስናበቃ ቤቱ ድረስ በእግር ሄድን። የገረመኝ መንገዱ ነው። ያየችን ሴት ሁሉ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ትቆማለች። አንድ ባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ «አያ አንዷለም፣ ማን ነው?» አለው። «ማንም፤ እንግዳ ልቀበል ነው» አለ አንዷለም። ሹፌሩ እኔን አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አልኩት።

«እራት ላይ እነግርሃለሁ።»

ሚስቱ ይታይሽ ድንች ወጥ ሠርታለች፤ ከጎኑ ድንች ቅቅል፣ እስኪደርስ ደግሞ በሚጥሚጣ የሚነካ ድንች። ናዝሬት ላይ ሽንኩርት እንደምናበዛ እዚህ ድንች ያበዛሉ። ጠገብኩ ስላት «ይብሉ እንጂ ጋሼ፣ አፈር ስሆን» አለችኝ።

«በሞቴ ብላ የለ እንዴ እናንተ አገር?» አልኳት ለጨዋታ።

«በዚህ ቤት በሞቴ አይባልም። አንዴ ብል ጎረቤት በአጥር ሰምታ የለቅሶ ልብሷን ለብሳ መጣች።»

ከዚያ ነገሩኝ። አንዷለም አባቱን ሊቀብር የመጣ ጊዜ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ነበር። እድርተኛው ጥሩምባ ያለው ሰው መጣ ብሎ ሲሰማ «ለጊዜው ያዝልን» አሉት። ሰው በሞተ ቁጥር በንጋት በየሰፈሩ እየዞረ ይነፋል፣ በአማርኛም በአገሩ ቋንቋ በአውኚም ይለፍፋል። ለጊዜው ያሉት ሃያ ዓመት ሆነ። ልቀቁኝ ባለ ቁጥር «ከአንተ የተሻለ ድምፁ የሚሰማ ከየት እናመጣለን?» ይሉታል።

«ተፈራ» አለኝ፣ ድንቹን እየላጠ፤ «ይሄን ሁሉ ዓመት ስነፋ ፊት ለፊቴ ፈገግ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ልጅ እንኳ ሲያየኝ ወደ እናቱ ይሮጣል። አንድ ቀን ብቻ፣ እዚሁ ከተማ፣ ሰው ደስ ሲለው እያየሁ መንፋት ነው የምፈልገው። ከዚያ ወዲያ ከፈለጉ ይቅበሩኝ።»

«ማን ሊነፋልህ!» አለች ይታይሽ።

እሱ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። አልጋቸውን ለቀቁልኝ፣ አራት ብርድ ልብስ ጫኑብኝ። ክብደቱ እንደ ወደቀ ግድግዳ ነው፤ ስገላበጥ ብርድ ልብሱ አልተገላበጠም።

ቅዳሜ

ባንዱ ዳንግላ አርፏል ሲባል በጠዋት ሚኒባስ ያዝን። አንዷለም «አንተን ለማጀብ ያህል እሄዳለሁ እንጂ አልናገርም» አለ። «አትናገር፣ እኔ አለሁልህ» አልኩት። ዳንግላ ገበያ ነበር፤ ፈረሱ ጋሪ ይጎትታል፣ ሰው ፈረስ ይጎትታል፣ ባጃጁ በመሃል ይጮሃል። ናዝሬትም ጋሪ አለ፣ ግን የእኛ ፈረሶች ሕይወት የሰለቻቸው ይመስላሉ፤ የዚህኞቹ ቀና ብለው ነው የሚሄዱት።

የባንዱ መሪና ድምፃዊ ካሳዬ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ቁርስ ይበላ ነበር። ያ አንድ ሰዓት ሙሉ የምለፋበት ጎፈሬ የለም። አንድም አልቀረም። በሙያዬ እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም። ከስድስቱም የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ የሱን ልጆች የሚያክሉ ናቸው። እኔን ቶሎ አወቀኝ። አንዷለምን ግን ሲያይ ሹካውን አስቀመጠ።

«ሁለት ሳምንት ብለህ ነበር» አለው።

እንደተባባልነው እኔ ተናገርኩ። ለነገ አንድ ዘፈን ብቻ፣ በጥሩምባ የሚጀምረውን፣ እሱ ይንፋው አልኩ። ካሳዬ አንገቱን አከከ። ልጁ በኪቦርድ ለምዶታል፣ ልምምድ የለም፣ ሰዓት የለም አለ። ከዚያ ይሉኝታ ያዘው መሰል ኪቦርድ ተጫዋቹን ጠርቶ «እስቲ አሰማቸው» አለው። ልጁ ያቺን ቁልፍ ተጭኖ መግቢያውን ተጫወተ። አንድ ስህተት የለውም።

ካሳዬ አንዷለምን አየው። «እህ?»

አንዷለም ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ጥሩ ነው። ጉንፋን ይዞታል እንጂ።»

ካሳዬ ሳይወድ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት አቃተው፤ ስድስተኛው ዘፈን ያንተ ነው፣ ካቃተህ ግን ልጁ ይቀጥላል አለ። አንዷለም እጁን ጨብጦት ወጣ።

የሆቴሉ ባለቤት ሴትዮ ወሬያችንን በሙሉ ሰምታ ኖሮ ስንወጣ ተከትላ «ለናዝሬት ልጆችዎ» ብላ አንድ ትልቅ ብልቃጥ ማር ሰጠችኝ። ናዝሬት ውስጥ ማር የሚሰጥህ ሰው ሊሸጥልህ ነው። አመስግኜ ቦርሳዬ ውስጥ ከሸሚዞቼ መሃል አስቀመጥኩት። ክዳኑ እንደማይገጥም አላወቅሁም።

እሁድ

ጠዋት ቦርሳዬን ስከፍት ሁለት ሸሚዝና አንድ ሱሪ በአንድነት ወጡ። ይታይሽ ልታጥበው ወሰደች፤ በዚያ አገር ፀሐይ ግን ልብስ የሚደርቀው በሦስተኛው ቀን ነው። አንዷለም ያለውን አንድ ደህና ኮት አለበሰኝ። ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ ለቅሶ ሲጠራ የሚለብሰው ነው። ብርዱን ስለቻለልኝ ደስ አለኝ፤ ሌላውን አላሰብኩም።

ማስታወቂያው «ታላቅ የሙዚቃ ምሽት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ» ይላል።

«ምሽቱ በቀን ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ በዚህ ዘመን በምሽት ማን ይወጣል?» አለች ይታይሽ። «ምሽቱን ወደ ቀን አመጡት እንጂ።»

ቦታው ከከተማው ዳር ያለ የግጦሽ ሜዳ ነው። መድረኩ የጭነት መኪና ነው። ሰዉ ጥርባ ከሚባለው አገር ሳይቀር መጥቷል፤ ፈረሰኞች ከኋላ ተሰልፈው ከነፈረሳቸው ቆመዋል። ናዝሬት ኮንሰርት ላይ ሰው ወንበር ሲሻማ ታያለህ፤ እዚህ ወንበሩን ይዞ ነው የሚመጣው።

እኔና አንዷለም ሜዳው ላይ ስንደርስ ሰው ዞር ብሎ አየን። እድር ጥሩምባ ነፊው ከነሳጥኑ፣ አጠገቡ ደግሞ ማንም የማያውቀው እንግዳ፣ ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር ለብሶ። አንዲት ሴትዮ መጥታ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና «ከሩቅ ነው የመጡት?» አለችኝ።

«ከናዝሬት።»

«ውይ! ያን ሁሉ መንገድ!» አለች፣ ዓይኗ ውሃ ሞላ። «አይዞዎት።»

ሌላው ደግሞ ውሃ አመጣልኝ። ሌላ ሰው ደግሞ ምሳ በልቻለሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ሙዚቃ ልሰማ ነው የመጣሁት» ባልኳቸው ቁጥር እርስ በርስ ይተያያሉ። በመጨረሻ የእድሩ ሰብሳቢ ሀጂ ይማም፣ ጨርቃ ጨርቅ ሻጩ፣ መጥተው ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። አንድ ጎረምሳ ለጓደኛው ሲያንሾካሹክ ሰማሁት፤ «ገና መርዶው አልተነገረውም።»

ያኔ ገባኝ። በእነሱ ቤት ዘመድ ሞቶብኛል፣ እኔ ብቻ አላውቅም። በእኛ አገር ደንብ ሰው መርዶ የሚነገረው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተቀምጦ ነው፤ መብላቴን ጠይቀው፣ አጠጥተው፣ አስቀምጠውኛል። ተነስቼ ለሁሉም እንዳላስረዳ ሙዚቃው ጀመረ።

ሰንበሌጥ እንግዲህ ያ ሰንበሌጥ አይደለም፤ አልዋሽም። የካሳዬ ድምፅ ከፍ ማለት ሲያቅተው ማይኩን ወደ ሕዝቡ ያዞራል፤ ሕዝቡ ግጥሙን አያውቀውም፤ ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ነፋስ ይሰማል። ቢሆንም ሦስተኛው ዘፈን ላይ እግሬ ብቻውን መምታት ጀመረ። አጠገቤ ያሉት እግሬን አይተው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስድስተኛው ደረሰ። አንዷለም መኪናው ላይ ወጣ። ይህ ዘፈን ናዝሬት ላይ ሲጀመር ሰው ሁሉ ከወንበሩ ይነሳ ነበር። ጥሩምባው ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ረጅም አድርጎ ይገባል። አንዷለም ዓይኑን ጨፍኖ ነፋ። ቆሰበርም ሰው ሁሉ ተነሳ።

ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ፈረሰኞቹ ከፈረሳቸው ወረዱ። ሀጂ ይማም ከኪሳቸው የእድሩን ድንኳን መጋዘን ቁልፍ አውጥተው አንዱን «ሩጥ!» አሉት። ሁለት ጠንካራ ሰዎች ደግሞ እንዳልወድቅ ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። ከኋላ በኩል ሰው ወደ ከተማው መሄድ ጀመረ። «ማን ነው? ማን ነው?» ይባባላሉ።

አንዷለም ዓይኑን ገለጠ። ያየውን አየ። ጥሩምባው መሃል ላይ ተቆረጠ። ፊቱ እንዴት እንደሆነ መጻፍ አልችልም፤ ሃያ ዓመት የፈራው ነገር ፊቱ ቆሞ ነበር። ካሳዬ ለኪቦርድ ተጫዋቹ በእጁ ምልክት ሰጠ። ልጁ ጣቱን ወደዚያች ቁልፍ ሲሰድ አየሁ። «ተው!» ብዬ ጮህኩ። ክንዴን የያዙኝ ሰዎች «አይዞህ፣ አይዞህ፣ አውጣው» አሉኝ።

አንዷለም ልጁን በመዳፉ አስቆመው። ማይኩን ከካሳዬ እጅ ወሰደ። ጉሮሮውን ጠረገና በዚያው በለመደው የልፈፋ ድምፅ፣ ቃሉን እየጎተተ፣

«ያልሰማህ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እድርተኛ በሙሉ!» አለ።

ሜዳው ፀጥ አለ። የሚሄዱትም ቆሙ።

«ዛሬ የሞተ ሰው የለም! የለም! ሁላችሁም አላችሁ! ያ ጥቁር የለበሰው እንግዳዬ ነው፤ ልብሱ ማር ፈሶበት ነው! ድንኳን አይወጣም! ቀባሪ አይጠራም! ተቀመጡ፤ መቀመጥ የማይፈልግ ይጨፍር!»

ከዚያ እንደ ሥራው ደንብ ያንኑ በአውኚ ደገመው። አውኚ አልችልም፤ ግን ሳቁ የመጣው ያኔ ነው፤ ከፈረሰኞቹ ጀመረና እንደ ዝናብ ወደ ፊት መጣ። እልልታ ቀለጠ። ሀጂ ይማም ቁልፉን ያስያዙትን ሰው «ኧረ ተመለስ!» እያሉ ሲጮሁ እንባቸው ይወርድ ነበር፣ በሳቅ። ክንዴን የያዙኝ ሰዎች ለቀውኝ ጀርባዬን ሸንቆጥ አደረጉኝ፤ ሳላዝን በከንቱ ስላዘኑልኝ መሰለኝ።

አንዷለም እንደገና ነፋ። በዚህ ጊዜ ዓይኑን አልጨፈነም። ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየ ነፋ፤ ሴቶቹን፣ ሕፃናቱን፣ ባጃጅ ሹፌሩን። ሲጨርስ ድገም አሉት፣ ደገመ። ድገም አሉት። ካሳዬ ከኋላ ቆሞ አጨበጨበ፤ ኪቦርድ ተጫዋቹ እጁን ኪሱ ከተተ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁላችንም ቤታችን ገባን፤ የሙዚቃ ምሽቱም በዚያው አበቃ።

ሰኞ

ልሄድ ቦርሳዬን እየዘጋሁ ነበር። ጎህ ሲቀድ እውነተኛ ሞት መጥቶ ነበርና አንዷለም ጥሩምባውን ይዞ ወጥቷል። የሞቱት ከታችኛው ሰፈር አንድ አዛውንት ናቸው፤ ከአባቱ ጋር በሬ ተቀናጅተው ያረሱ፣ እሱንም ፈረስ ላይ መቀመጥ ያስተማሩት። በየሰፈሩ ዞሮ ነፋ። ለፈፈም። ሰው ግን አልወጣም። አንዳንዱ ከአልጋው ሳይወርድ አጨበጨበ። አንዷ በመስኮት «ተባረክ አያ፣ ድገማት!» አለችው። ድንኳኑን የተከሉት ሀጂ ይማም፣ አንዷለምና የሟች ልጆች ብቻ ነበሩ።

ሁለት ሰዓት ላይ ሀጂ ይማም ከሁለት እድርተኞች ጋር ቤቱ መጡ። ቡና እንኳ እምቢ አሉ።

«አንዷለም» አሉት፤ «ትላንት ጥሩ አደረግህ። ዛሬ ግን ሰዉ መርዶ መሆኑን አላመነህም። ከእንግዲህ አንተ ስትነፋ ማንም አያለቅስም። ሌላ ሰው በድምፅ ማጉያ ይለፍፋል። ቅር እንዳይልህ።»

«ቁርጥ ነው?» አላቸው።

«ቁርጥ ነው።»

ጥሩምባውን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠ፣ ዘጋው። ይታይሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አለቀሰች ብዬ ነበር፣ ኋላ ሳየው ሳቅ ነው። ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ስላለ ደስታችንን ዝቅ አድርገን ተደሰትን።

አውቶቡሱ በስድስት ሰዓት ስለሆነ ሦስታችንም ለቅሶ ሄድን፤ ጥቁሩ ኮት ገና ላዬ ላይ ስለነበር የጎደለኝ ነገር አልነበረም። በሃያ ዓመት ውስጥ አንዷለም ለቅሶ ቤት ደርሶ ተቀምጦ አያውቅም። ለፍፎ ወደሚቀጥለው ሰፈር ይሄዳል እንጂ፤ የአባቱ ሐዘን ሳይወጣለት ነበር ሥራውን የያዘው። ያን ቀን ባዶ እጁን ገባ። ወንበር ሰጡት፣ ተቀመጠ። ንፍሮ ሲዞር እሱም እንደ ሰው ዘገነ። ከዚያ ለሞቱት ሽማግሌ፣ ለአባቱ፣ እስከዚያ ቀን ለጠራው ለቅሶ ሁሉ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ማንም ዝም በል አላለውም።